ላስቲኩ ይቀደድ፦ ለመጽሐፍ መደብሩ የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ

ሰብሳቢዋ፦
ጤና ይስጥልኝ ውድ የማኅበራችን አባላት። አራት ኪሎ ያለው የመጽሐፍ መደብር ባለቤት ከመግቢያው በስተግራ ያለውን ግድግዳ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ መጻሕፍት ሊለቁልን ፈቃደኛ ናቸው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ደራሲያንና ሠዓሊያን የሚጋበዙበት መርሐ ግብር እንድናሰናዳ ጠይቀዋል። ከእኛ የሚፈልጉት ምን እንደምንሠራና ማን ምን እንደሚያወጣ በሁለት ገጽ ተጽፎ እንዲደርሳቸው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

"ማኅበሩ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ላይ የታተሙ ሃያ አዳዲስ መጻሕፍትን ከውጭ ያስመጣል፤ መደብሩ ይሸጣል። በየወሩ የመጽሐፍ ምረቃ ይካሄዳል። ወጪው በማኅበሩና በመደብሩ መካከል እኩል ይከፈላል።"

ያልተስማማችሁበትን ሰርዙ፤ ነገር ግን በሰረዛችሁት ፈንታ ጻፉ። "ጥሩ ነው፣ በርቱ" የሚል አስተያየት ለበዓል ይቆየን።

ገንዘብ ያዡ፦
ሃያ የሚለውን ሳነብ ደንገጥ ብያለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ 60 ዶላር የሚያወጣ የሥዕል መጽሐፍ 3,420 ብር ይመጣ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ዶላሩ መቶ ብርን ካለፈ ቆይቷል። ያው መጽሐፍ ማጓጓዣው ሳይታሰብ ከ6,000 ብር በላይ ነው። ክብደቱም እንደ ልብ ወለድ አይደለም፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ሽፋኑ ካርቶን ነው። ሃያ ርእስ በአምስት አምስት ቅጂ ብናስመጣ መቶ መጽሐፍ፣ ከ600,000 ብር በላይ። ያለን ተቀማጭ የዚህን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ማን ይገዛዋል ወደሚለው ገና አልገባሁም።

የሥዕል መምህሩ፦
እኔ ልግባበት። መሸጥ ቀርቶ መግለጥም አልቻልንም። በከተማችን መደብሮች የሥዕል መጽሐፍ ሲገኝ በላስቲክ ታሽጎ፣ እጅ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ተማሪዬ ያያል፤ ሽፋኑን ያያል፣ ዋጋውን ያያል፣ ይወጣል። ባለ መደብሮቹን አልወቅስም፤ የተገለጠ መጽሐፍ ጥጉ ይታጠፋል፣ ገጹ የጣት አሻራ ይይዛል፣ ከዚያ ማንም በሙሉ ዋጋ አይገዛውም። ስለዚህ ረቂቁ ላይ "ያስመጣል፤ ይሸጣል" የሚለው ተሰርዞ በምትኩ ይህ ይግባ፦ ማኅበሩ ከእያንዳንዱ ርእስ አንድ ቅጂ ገዝቶ ላስቲኩን ቀድዶ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። የማይሸጥ፣ ከመደብሩ የማይወጣ፣ ማንም ወንበር ስቦ የሚያነበው። መግዛት የሚፈልግ ካለ ያኔ መደብሩ ያስመጣለታል።

ምርጫው ላይም አንድ ነገር ልበል። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የሥዕላችን ታሪክ በብዛት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተመውም ውጭ አገር። ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የመረመሩበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። የምዕራባውያንን ጌቶች መጽሐፍ ከማብዛታችን በፊት ስለ ራሳችን የተጻፈው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ ገብረ ክርስቶስ ደስታን አቀርባለሁ። ወደ መጽሐፍ መደብር የሚመጣው ሰው ባለቅኔውን ያውቀዋል፤ "አገሬ"ን በቃሉ የሚወጣ ስንት አለ! ሠዓሊውን ግን አያውቀውም። ሐረር የተወለደ፣ የብራና ጸሐፊ የቤተ ክህነት ሊቅ ልጅ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ እዚሁ ያስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ የሞተ ሰው ነው። በግጥሙ በር አስገብተን ሥዕሉ ፊት እናቆማቸው።

ጋዜጠኛው፦
በጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። "ምረቃ" የሚለው ቃል ግን ይውጣልኝ። በሥራዬ ምክንያት ያልተቀመጥኩበት የመጽሐፍ ምረቃ የለም ማለት ይቻላል። የክብር እንግዳው ይዘገያል፤ እስኪመጣ ክራር ይመታል። የመድረክ መሪው የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ከትውልድ መንደሩ ጀምሮ ያነብባል፤ ሦስት ሰው ግጥም ያቀርባል፤ መጽሐፉን ያላነበበ ባለሥልጣን ስለ ንባብ ጥቅም ይናገራል። ደራሲው ማይክሮፎን ሲይዝ አዳራሹ ለቆሎውና ለለስላሳው ተነሥቷል። የእኛ ቅዳሜ እንዲህ ከሆነ ለባለ መደብሩም አይጠቅም፤ ሰው ገዝቶ የሚወጣው ስለ መጽሐፉ ሲሰማ እንጂ ስለ ደራሲው ዘመዶች ሲሰማ አይደለም።

ወጣቷ ሠዓሊ፦
ጋሼ፣ በገብረ ክርስቶስ መጀመሩን እደግፋለሁ፤ ግን ዘመናዊ ብለን ስንነሣ ያለፉትን ብቻ እንዳናነሣ እሰጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ማሳያ ሥፍራ (ፓቪሊዮን) ሲኖራት ሥዕሎቹ የተስፋዬ ኡርጌሳ ነበሩ። እኔና ጓደኞቼ ያየነው በስልክ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊቷን ሠዓሊ የጁሊ ምህረቱን ሥዕል ደግሞ በስልክ ማየት አለማየት ነው፤ ግድግዳ የሚያህለው ሸራ ላይ በቀጭን መስመር የተነባበረው ሁሉ መዳፍ በምታህል መስታወት ውስጥ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። መጽሐፉ ቢያንስ አንዱን ጥግ አጉልቶ ያሳያል። ኤልያስ ስሜም እንዲሁ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውንና የኮምፒውተር ቁርጥራጩን እያንዳንዱን ለይተህ ካላየኸው የሚሠራውን አታውቀውም። በእርግጥ ለእሱ እዚሁ አዲስ አበባ ዞማ ቤተ መዘክር ድረስ መሄድ ይቻላል።

ስለ ቅዳሜው ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው፦ ተጋባዡ አንድ መጽሐፍ ይክፈት፣ አንድ ገጽ ይምረጥ፣ ስለዚያ አንድ ሥዕል ብቻ ይናገር። አርባ ደቂቃ። ከዚያ ጥያቄ። በአማርኛ ይሁን፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ውይይቱም እንግሊዝኛ የሚሆንበትን ልማድ እንተወው። የሚናገረው ጸሐፊ ሊሆን ይችላል፣ ሠዓሊ ሊሆን ይችላል፣ ፎቶግራፍ አንሺ ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ከጀመረች ወዲህ ስለ ፎቶግራፍ መነጋገር የሚፈልግ ትውልድ አለ፤ እሱንም አንርሳ።

ሰብሳቢዋ፦
አንድ ሥዕል፣ አርባ ደቂቃ። ይህን ወድጄዋለሁ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ የትኛው ሥዕል ይሁን?

የሥዕል መምህሩ፦
የገብረ ክርስቶስ "ጎልጎታ"፣ እ.ኤ.አ. 1963።

የማተሚያ ቤቱ ባለሙያ፦
እንግዲህ ወደ እኔ መጣችሁ። "ጎልጎታ" ቀይ ነው፤ ኅትመትን የሚፈትን ቀለም ደግሞ ቀይ ነው። የአራት ቀለም ኅትመት ቀዩን የሚያወጣው ማጀንታና ቢጫ ደራርቦ ነው፤ አንዱ ቀለም በጥቂቱ ቢበልጥ ወይ ወደ ብርቱካን ወይ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ስልክ ደግሞ ከኋላ በብርሃን ስለሚያበራው ከመጠን በላይ ያደምቀዋል። ስለዚህ ሁለት መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድ ሥዕል ሁለት ዓይነት ቀይ ሆኖ ብታገኙት አትደነቁ፤ እንዲያውም ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታችሁ ብታሳዩ ለሰዉ ትልቅ ትምህርት ነው። ዋናው ሥዕል ግን ሁለቱንም ላይመስል ይችላል፤ ይህ በግልጽ ይነገር።

መደብሩን ሄጄ አይቼዋለሁ። በስተግራ ያለው ግድግዳ ከምዕራቡ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል። የመጽሐፍ ጀርባ እዚያ ከከረመ ይነጣል። ወይ መስኮቱ ይጋረድ ወይ ጠረጴዛው ወደ ውስጥ ይግባ። አምፖሉም ቢጫ ነው፤ በእርሱ ሥር ሰማያዊው ሁሉ ይቆሽሻል። ነጭ አምፖል ይቀየር፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከሁለት ተጨማሪ መጽሐፍ ይበልጣል።

ጋዜጠኛው፦
ታዲያ የየወሩን ሥዕል በትንሽ ጥራዝ ብናትመውስ? አንድ ትልቅ ወረቀት ግራና ቀኝ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። መካከሉ ላይ ሥዕሉ፣ ዙሪያውን የአማርኛ ጽሑፍ። ሰው በእጁ ይዞት የሚሄደው ነገር ይኖረዋል። ይህ ካልተቻለ ደግሞ የመጻሕፍቱን ገጽ አንሥተን በቴሌግራም እናካፍል።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ቴሌግራሙን ከአሁኑ እንዝጋው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ገብረ ክርስቶስ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981 ስለሆነ ሥራዎቹ ገና ጥበቃ ላይ ናቸው። "ጎልጎታ"ን በጥራዝ ማተም የወራሾችን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሥዕሉ በእጁ ያለ ቤተ መዘክር ወይም ሰብሳቢ ብቻውን መፍቀዱ አይበቃም፣ ምክንያቱም ሸራውን መያዝና የማባዛት መብቱን መያዝ ይለያያሉ። በሕጋዊ መንገድ የተገዛን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጻሕፍት አባዢዎችን በየስብሰባው እየረገምን እኛው ገጽ ፎቶ አንሥተን ብናሠራጭ ደግሞ ማንም ደራሲ ግብዣችንን አይቀበልም፤ እውነቱን ነው። ጥራዙ በሕይወት ባሉና በጽሑፍ በፈቀዱ ሠዓሊያን ይጀመር። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ጽሑፍ ብቻ ይበቃል።

ሌላም አለ። ያልተስማማ ሰው ስም ዕቅዱ ላይ እንዳይጻፍ። "እገሌ ይገኛል" ብለን ለባለ መደብሩ ሰጥተን እገሌ ባይመጣ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው።

ዋሽንግተን ያሉት አባል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል፤ እዚህ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲያስተምር ከእጁ የወጡት ሠዓሊያን ዛሬም አሉ። ባረፈበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊያንን ሥራ አሳይቶ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት አዲስ ቅጂያቸው ቢጠፋም ያገለገለው ይገኛል፣ ብዙ ጊዜም በርካሽ። ለንባብ ጠረጴዛ የሚሆን መጽሐፍ አዲስ መሆን የለበትም። የምትፈልጉትን ዝርዝር ላኩልኝ፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ከ23 ኪሎ ሻንጣው አንድ መጽሐፍ የሚሆን ቦታ አይነፍገንም። ሁለት ከጠየቃችሁት ግን ስልክ ማንሣት ያቆማል።

ገንዘብ ያዡ፦
አሁን መተንፈስ ጀመርኩ። ስምንት ርእስ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ፣ ግማሹ ያገለገለ፤ ይህ በአባላት መዋጮ ይሸፈናል። እንደ ገንዘብ ያዥነቴ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ከጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ቢጠፋ ማን ይተካዋል?

የመደብሩ ባለቤት፦
ሰብሳቢዋ ውይይቱን እንዳነብብ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ልስጥ፦ መደብሩ ክፍት ሆኖ ከጠፋ እኔ፤ በእናንተ ቅዳሜ ከጠፋ እናንተ። በእናንተ ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ ሁለት አባል ጠረጴዛው አጠገብ ይቁም።

መስኮቱን እጋርዳለሁ፤ አምፖሉንም እቀይራለሁ። ሠዓሊያንና ደራሲያን ራሳቸው አሳትመው የሚያመጡትን መጽሐፍና የዐውደ ርእይ ካታሎግ ተሽጦ በሚከፈል ውል እቀበላለሁ፤ የመደብሩ ድርሻ 25 በመቶ ይሁን፣ ሂሳብ በየሦስት ወሩ። ካታሎግ የሚያመጣ ሁሉ ግን ጀርባው ላይ ስም ያጽፍ። ቀጫጭኑ ካታሎግ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ስሙ ካልታየ እኔም አላገኘውም፣ ገዢም አያገኘውም፤ ከዓመት በኋላ ባለቤቱ ሲመጣ "አልተሸጠም" እለዋለሁ፤ እሱም ደብቄበት ይመስለዋል።

ወጣቷ ሠዓሊ ስለ አማርኛው ያለችው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ልጆቻቸውን ለመማሪያ መጽሐፍ ይዘው የሚመጡ እናቶችና አባቶች አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቆመው የሚሰሙት ነገር ቢኖር ቆመው ይሰማሉ።

ሰብሳቢዋ፦
እስካሁን የተስማማንበትን ጽፌዋለሁ፦

"ማኅበሩ ለመጀመሪያው ዓመት በዘመናዊ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ላይ የተጻፉ ወይም በኢትዮጵያውያን ሠዓሊያን ሥራ ላይ የታተሙ ስምንት መጻሕፍትን ከእያንዳንዳቸው አንድ ቅጂ ገዝቶ ያለ ላስቲክ በንባብ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ቅጂዎቹ አይሸጡም፣ አይዋሱም፣ ፎቶ አይነሡም። መደብሩ በትእዛዝ ያስመጣል፤ አገር ውስጥ የታተሙትን ተሽጦ በሚከፈል ውል በ25 በመቶ ድርሻ ይቀበላል። ከጥቅምት ወር ጀምሮ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድ ተጋባዥ ስለ አንድ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ በአማርኛ አርባ ደቂቃ ይናገራል፤ የክብር እንግዳና የመክፈቻ ንግግር አይኖርም። የመጀመሪያው ርእስ 'ጎልጎታ' ነው። ተጋባዦች በጽሑፍ ሳይስማሙ ስማቸው አይገለጽም። ጥራዝ የሚታተመው የመብቱ ባለቤት በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቡና ማኅበሩ ያቀርባል።"

የስምንቱን ርእስ ምርጫ መምህሩና ወጣቷ ሠዓሊ አራት አራት አድርገው እስከ ሐሙስ ያምጡ። እንዳትከራከሩ ነው ያካፈልኳችሁ።

የሥዕል መምህሩ፦
አምስት ለሦስት ቢሆንስ?

ወጣቷ ሠዓሊ፦
ይሁን ጋሼ፣ አምስቱ የእኔ ከሆኑ።

የመደብሩ ባለቤት፦
በሁሉም እስማማለሁ፣ ከቡናው በቀር። ቡናው በረንዳ ላይ ይሁን፤ ስኒ የያዘ ሰው ወደዚያ ጠረጴዛ አይቅረብ። ይህ ተጽፎ ካልገባ አልፈርምም።