ዲከረንስ ሲያድግ ዝናቡን እያስቀረ ነውን?

ጠያቂ፣ ከፋግታ ለኮማ፦
ጤና ይስጥልኝ። በእኛ በኩል ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክለን፣ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ዘርተን፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ለከሰል እንደምንቆርጠው አዊን የምታውቁ ሁሉ ታውቃላችሁ። በክረምት እንደታዘብኩት፣ ካፊያ ሲሆን ዘንድሮ የተተከለበት ማሳ ሲርስ፣ ለመቆረጥ በደረሰው ዛፍ ሥር ግን የረገፈው ቅጠል እንኳ ሳይረጥብ ይቀራል፤ ዶፍ ሲወርድ ደግሞ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ይህ ከዛፉ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነውን? ሳይቆረጥ ቢቆይስ የሚያስቀረው ዝናብ እየበዛ ይሄዳልን?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ትዝብትዎ ትክክል ነው። በዛፍ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ከፊሉ በቅጠሎች መካከል አልፎ ወይም ተንጠባጥቦ መሬት ይደርሳል፣ ጥቂቱ ግንዱን ተከትሎ ይፈስሳል፣ የቀረው ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ተንኖ ወደ አየር ይመለሳል። ቅጠሉ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ካፊያውን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል፤ 40 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዶፍ ሲመጣ ግን ገና በመጀመሪያው ይጠግብና ሌላው በሙሉ ወደ መሬት ይወርዳል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ወሳኙ የዓመቱ ቁጥር ሳይሆን የቅጠሉ ብዛት ነው። የዛፎቹ ቅርንጫፍ እስኪገጣጠም ድረስ የሚቀረው ዝናብ ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ ደኑ አርጅቶ ሲሳሳ ደግሞ ይቀንሳል። ሜልበርን ውኃዋን በምታገኝባቸው የአውስትራሊያ ተራሮች፣ በረጃጅም ባሕር ዛፎች ደን ውስጥ በተደረገ ልኬት፣ የሚቀረው ዝናብ በ30 ዓመት ገደማ 25 በመቶ ደርሶ፣ ከ200 ዓመት በላይ በቆየው ደን ወደ 15 በመቶ ወርዷል። የእርስዎ ዲከረንስ ግን በልጅነቱ ስለሚቆረጥ፣ መቀነሱን ለማየት የሚበቃ ዕድሜ የሚያገኝ አይመስለኝም።

መልስ፣ ከሰከላ፦
በነጭ ባሕር ዛፍ ላይ የቅጠሉ ቅርጽም ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። የችግኙ ቅጠል ሰፊ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ በሰም የተለበጠና ያለ አንገት ከግንዱ ጋር የተጣበቀ ሲሆን፣ ዛፉ ሲያድግ የሚያወጣው ግን እንደ ማጭድ የቆለመመና ቁልቁል የሚንጠለጠል ስለሆነ ጠብታውን በጫፉ ቶሎ ይለቃል። በዚህም ምክንያት በጠቅላላው ሲታይ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለው የፈረንጅ ጥድ ከባሕር ዛፍ የበለጠ ዝናብ ያስቀራል። ባሕር ዛፍ ምንጭ አደረቀ የሚለው ክስ (በአገራችን የማያልቅ ሙግት ነው) በዋናነት ሥሩ ከመሬት የሚስበውን ውኃ የሚመለከት ስለሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ ማየት ይገባል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በራሴ ማሳ ላይ መለካት ይቻለኛል?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ይቻላል። አፋቸው እኩል የሆኑ ቆርቆሮዎችን፣ አንዱን ሜዳ ላይ፣ ብዙዎቹን በዛፎቹ ሥር ያስቀምጡ፤ ጠብታው በአንድ ቦታ ስለሚበዛና በሌላው ስለሚያንስ፣ ከዛፍ ሥር ያሉትን በየጊዜው ቦታ ይለዋውጧቸው። የቆርቆሮው አፍ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የተጠራቀመው እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። በግንዱ የሚወርደውን ደግሞ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ የውኃ ጎማ በግንዱ ዙሪያ አጥብቀው አስረው ወደ ጀሪካን ቢመልሱት ይያዝልዎታል።