ለመጀመሪያ ቀን የቱ ይሻላል? የታሸገች መንኮራኩር ወይስ ክፍት ጠፈር?

ሌሊት ተረኛ፦ ቅዳሜ ለአራት ሰዎች የጠፈር ሚና ጨዋታ ላጫውት ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዳይስ ታሪክ የሚጫወትበት። አራቱም ዳይስ ነክተው አያውቁም። ጨዋታ መሪው እኔ ነኝ። ሁለት ሐሳብ ይዞኛል። አንደኛው፣ ተዘጋጅቶ የተጠናቀቀ ገጸ ባሕርይ አድዬ የተበላሸች መንኮራኩር ውስጥ መቆለፍ። ሁለተኛው፣ የየራሳቸውን ሰው ፈጥረው፣ መንኮራኩር ሰጥቻቸው “ወዴት ትሄዳላችሁ?” ማለት። ምን ትላላችሁ?

ባለ ሁለት ዳይስ፦ ይሄ ምን ጥያቄ አለው? ክፍት ጠፈር ነዋ! እኔ የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው፣ ትራቨለር በተባለው የጠፈር ሚና ጨዋታ ነው። እዚያ ሰው መፍጠሩ ራሱ ጨዋታ ነው። ባሕር ኃይል ትገባለህ፣ አራት አራት ዓመት ታገለግላለህ፣ በየዙሩ ዳይስ ትጥላለህ። በድሮው ሕግ ጨዋታው ሳይጀመር ልትሞት ሁሉ ትችላለህ። የኔ የመጀመሪያ ሰው ሁለተኛ ዙሩ ላይ ሞተ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ሲተርፍልኝ እንደ ልጄ ነበር የሳሳሁለት። በወረቀት የታደለ ሰው እንዲህ አያሳሳም።

ጀማሪ ነበርኩ፦ ጋሼ፣ ሳቁ ለእርስዎ ደርሶ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያ ቀኔን ቅጽ ስሞላ ነው ያመሸሁት። ክህሎት፣ መሣሪያ፣ የጠፈር ልብስ፣ የልብሱ ክብደት። ሦስት ሰዓት ሙሉ! አንድም ታሪክ ሳይነገር ተበተንን። ከዚያ ሁለት ዓመት ዳይስ አልነካሁም።

አየር ቆጣሪ፦ ሁለታችሁም ገጸ ባሕርዩ ላይ ተጣላችሁ። ችግሩ እዚያ አይመስለኝም። የሰይፍና የድራጎን ጨዋታ ላይ ጀማሪ ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል። ሰይፍ ይቆርጣል፣ በር ይሰበራል፣ ፈረስ ይጋለባል። ጠፈር ላይስ? ሬዲዮው እስከ የት ይሰማል? ኮምፒውተሩ ሲያናግሩት ይመልሳል? ከፕላኔት ፕላኔት ስንት ቀን ነው? አንዴ እኔም “ወዴት እንሂድ?” ብዬ ጀመርኩ። ዝም። አንዷ “ምን ምን አለ?” አለችኝ። ሃያ ደቂቃ የግዛቱን ታሪክ ተረክሁ። አንዱ ስልኩን አወጣ፤ አልፈርድበትም።

የታሸገች መንኮራኩር ይህን ሁሉ ትገላግላለች። ሬዲዮው ተበላሽቷል። አንድ በር አለ። አየሩ ለ6 ሰዓት ይበቃል። አየር ማለቅ ምን እንደሆነ ደግሞ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ባለ ሁለት ዳይስ፦ ይሁን። መጨረሻውስ? ሁሉም ኮሪደር ላይ አልቆ ሁለተኛ ቀን ምን ልትጫወት ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ ከኤሊየን ፊልም የተቀዳው የሚና ጨዋታ እንኳ ሁለቱን ለይቷቸዋል። ብዙው ሰው ያልቃል ተብሎ የሚጫወቱት የአንድ ጊዜ ታሪክ አለ፤ ረጅሙ ጉዞ ደግሞ ለብቻው ነው።

አየር ቆጣሪ፦ ኤሊየንን ማንሳትዎ ለኔ ነው የጠቀመኝ፣ ጋሼ። የጭንቀት ዳይሱን አይተውታል? ሰውዬህ በተጨነቀ ቁጥር ተጨማሪ ዳይስ ትጥላለህ፤ ስለዚህ ይበልጥ ይሳካልሃል። ግን ከጭንቀቱ ዳይስ አንዱ 1 ካሳየ ድንጋጤ መጣ። ይህን በቃል ሳስረዳ ማንም አልገባውም ነበር። ከዚያ አንዷ ተጫዋች የሚዘጋ በር በትከሻዋ ልትይዝ ዳይስ ጣለች። በሩ ተከፈተ፣ አንዱ ዳይስ ግን 1። “በሩን ከፍቼዋለሁ እኮ!” አለች፤ ድምፅዋ ራሱ ተለውጧል። ከዚያ በኋላ ሕግ የጠየቀኝ የለም።

ጀማሪ ነበርኩ፦ እኔን የመለሰኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የስታር ዋርስ የጀማሪዎች ሳጥን። ሰዎቹ ተዘጋጅተው የቀረቡ ናቸው። ከወንጀለኛ አለቃ እየሸሸህ መጠጥ ቤት ስትገባ ይጀምራል። ሕጉ ትዕይንት በትዕይንት ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ መደበቅ፣ ቀጥሎ ተኩስ። መጨረሻ ላይ መንኮራኩር ሰርቀህ ከከተማው ትወጣለህ። ልብ አላላችሁም? ሲጀምር ጠባብ ነው፣ ሲያልቅ ጠፈሩ ክፍት ነው። “ወዴት እንሂድ?” የሚለውን እኛው ነን የጠየቅነው። ያኔ መልስ ነበረን፤ የሚያሳድደን ነበራ።

ባለ ሁለት ዳይስ፦ ተዘጋጅቶ በተሰጠ ሰው ላይ ያለኝን ቅሬታ አላነሳም። ግን ቢያንስ ስሙን ራሳቸው ያውጡለት። አንድ ጥያቄም ይመልሱ፦ “መሬት ላይ የምትሸሸው ማንን ነው?” አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌሊት ተረኛ፦ እሺ፣ እንዲህ አደርጋለሁ። ሰዎቹን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ስሙና የሚሸሹት ሰው የነሱ። የተበላሸች መንኮራኩር፣ 6 ሰዓት አየር፣ አንድ በር። ግን መውጫ አላት፤ ሞተሩን ካስነሱ መንኮራኩሯ የነሱ ትሆናለች።

ባለ ሁለት ዳይስ፦ እዳዋንም አብረህ ስጣቸው። ትራቨለር ላይ የመንኮራኩር ብድር 40 ዓመት ነው የሚከፈለው፣ በየወሩ። የመጀመሪያው ወር ሲደርስ ጭነት ፍለጋ ራሳቸው ይደውሉልሃል።

ጀማሪ ነበርኩ፦ አምስተኛ ወንበር ካለ እኔም አለሁ። ቅጽ ግን አልሞላም።