ጡረታ ለሚወጡት ዶክተር ጂም ማክደርሞት የሚነበበው ምስጋና ምን ይበል? (በ2016 የተደረገ ውይይት)

ጠያቂ (የዝግጅት ኮሚቴ አባል)፦

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ከ1989 ጀምሮ ሲያትልን በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሲወክሉ የቆዩት ዶክተር ጂም ማክደርሞት ዳግም እንደማይወዳደሩ ጥር 2016 ላይ ማስታወቃቸውን ሰምታችኋል (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በከተማው የምንኖር ኢትዮጵያውያን የሥራ ዘመናቸው ከማብቃቱ በፊት፣ በጤናው መስክ ለሰጡት የረጅም ዘመን አገልግሎት የምስጋና ምሽት ልናዘጋጅላቸው ተስማምተን፣ በዕለቱ የሚነበበውን ጽሑፍ የማሰናዳት ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቶኛል። የተረከብኩት ረቂቅ «ለሕዝብ ጤና የቆሙ፣ የአፍሪካ የቁርጥ ቀን ወዳጅ» በሚሉ ውዳሴዎች የተሞላ ነው፤ የእሳቸው ስም ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ቢገባበት ሌላ ቃል መለወጥ አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ ፔፕፋርን (አሜሪካ በሌሎች አገሮች ኤድስን ለመዋጋት ገንዘብ የምትሰጥበትን መርሐ ግብር) የመሠረቱት እሳቸው እንደሆኑ ይናገራል፤ ይህ እውነት አይመስለኝም። የትኛው ሥራቸው በስሙ ሊጠራ ይገባል? ስጦታ ማበርከትስ ይፈቀዳል? በሥራቸው የተጠቀሙ ወገኖች መድረክ ላይ ወጥተው ቢመሰክሩ መልካም ነው የሚሉም አሉና፣ በዚህም ላይ አስተያየታችሁን እሻለሁ።

የጤና ፖሊሲ ባለሙያ፦

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ፔፕፋር ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በ2003 መጀመሪያ ያወጁት፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ሕግ የሆነ መርሐ ግብር ሲሆን፣ ረቂቁን በተወካዮች ምክር ቤት ያቀረቡት ሪፐብሊካኑ ሄንሪ ሃይድ ነበሩ። የሰው ሥራ ለዶክተር ማክደርሞት መስጠት የራሳቸውን ሥራ ያደበዝዛል። እሳቸው የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው፤ በ1987 የዋሽንግተን ግዛት የሴኔት መቀመጫቸውን ትተው በኪንሻሳ ለአሜሪካ የውጭ ጉዳይ አገልግሎት በሐኪምነት ለመሥራት ወደ ዛየር (የአሁኗ ዲሞክራሲያዊት ኮንጎ) ሄዱ፤ ዘመኑም ኤድስ በዚያ አካባቢ ሰውን ያለ መድኃኒት የሚጨርስበት ነበር። ወደ ኮንግረስ ከገቡ በኋላ በዓለም አቀፍ ኤድስ ላይ የሚሠራ የምክር ቤት አባላት ቡድን አቋቁመው፣ ጉዳዩ ድምፅ በማያስገኝበት ጊዜ ባልደረቦቻቸውን ሲወተውቱ ቆይተዋል። ኢትዮጵያ ከፔፕፋር ቀዳሚ የትኩረት አገሮች አንዷ ሆና በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር፣ ይህን የመሰለው የዓመታት ውትወታ መንገዱን ጠርጎ ነበር። ጽሑፉ ይህንኑ ቢል በቂ ነው፤ እውነትም ነው።

እኔ ግን ጽሑፉን የምጀምረው ከዋሽንግተን ዲሲ ሳይሆን ከዋሽንግተን ግዛት ዋና ከተማ ከኦሎምፒያ ነው። ዶክተር ማክደርሞት የግዛቱ ሴናተር ሳሉ በ1987 እንዲወጣ የታገሉለት «ቤዚክ ኸልዝ» የተባለው ሕግ፣ ገቢያቸው ለሜዲኬይድ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ለሚሰጠው የጤና መድን) ከተወሰነው ጣሪያ ስለሚያልፍ እርዳታ የማያገኙ፣ አሠሪያቸውም ኢንሹራንስ የማይገዛላቸው ሠራተኞች እንደ ገቢያቸው መጠን እየከፈሉ የጤና መድን እንዲኖራቸው አደረገ። እነዚህ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ለእኛ መንገር አያስፈልግም፤ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂው፣ የታክሲ ነጂው፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከበው እናት ናቸው። በ2010 የፌዴራሉ የጤና ማሻሻያ ሕግ ሲወጣ፣ ሴናተር ማሪያ ካንትዌል ይህንኑ አሠራር አርአያ አድርገው በሕጉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ ሚኔሶታና ኒው ዮርክም በ2015 ሥራ ላይ አዋሉት። የግዛቱ ቤዚክ ኸልዝ ራሱ ተዘግቶ ተጠቃሚዎቹ ወደ አዲሱ ሥርዓት ተዛውረዋል፤ ሐሳቡ ግን በሌሎች ግዛቶች እየሠራ ነው።

ያልተሳካላቸውም ነገር ይጠቀስ። መንግሥት ብቸኛ ከፋይ ሆኖ የሁሉንም ሕክምና የሚሸፍንበትን ረቂቅ ሕግ በ1993 ከምክር ቤት ባልደረባቸው ከጆን ኮንየርስና ከሴናተር ፖል ዌልስተን ጋር አቅርበው ነበር፤ አልጸደቀም፤ በየጊዜው መልሰው ከማቅረብ ግን አልቦዘኑም። በ2010 ደግሞ የተመኙት ያ እንዳልሆነ እያወቁ ለጤና ማሻሻያው ሕግ የድጋፍ ድምፅ ሰጡ። አንድን ሕግ አውጪ ከምንም በላይ የማከብረው ለዚህ ዓይነቱ ጽናትና ትዕግሥት ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦

ከእኔ ሙያ አንጻር ሊቀር የማይገባው በ1990 የወጣው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ለሚገኝ ሰዎች መኖሪያ ቤት የሚደግፈው ሕግ ነው፤ ዶክተር ማክደርሞት ከዋና አመንጪዎቹ አንዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ታማሚ መሆኑ የታወቀበት ተከራይ ዕቃው ከደጅ ሲጣል ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። ማደሪያ የሌለው ሰው መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ የሚበላበት ሰዓት፣ የቀጠሮ ደብዳቤ የሚደርሰው አድራሻ የለውም፤ ስለዚህ ቤቱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ይህን በዚያን ዘመን በሕግ ማስፈር ከሐኪም የሚጠበቅ አስተዋይነት ነበር፤ ፕሮግራሙም እስከ ዛሬ በፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በኩል ለየከተማው ገንዘብ ያደርሳል።

ስለ ምስክርነቱ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ይቅር። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለ ቫይረሱ የሚወራው ዛሬም በሹክሹክታ ነው፤ ደባል ገብተው የሚኖሩ፣ መድኃኒታቸውን የሌላ በሽታ ነው እያሉ የሚወስዱ ወገኖች አሉን። አንድ ሰው በደስታ እሺ ቢል እንኳ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ቪዲዮውም በማግስቱ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹ እጅ ይገባል። ለታማሚ ክብር የሠራን ሰው የታማሚን ምስጢር በማጋለጥ ማመስገን አይገባም። የሚፈልግ ሁሉ ስሙን ሳይጽፍ ደብዳቤ ይጻፍና ታሽጎ ለእሳቸው ይሰጥ፤ እንደ ሐኪም ምስጢር መጠበቅን ያውቁበታል።

በሕግ ጉዳይ የሚያማክር አንባቢ፦

በስጦታው ላይ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። የምክር ቤቱ ደንብ አባላት ዋጋው 50 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ስጦታ እንዳይቀበሉ በመሠረቱ ይከለክላል፤ የክብር ሰሌዳ፣ ዋንጫና የመሳሰለው መታሰቢያ ግን ይፈቀዳል። በወርቅ የተጠለፈ ካባ ወይም ጌጣጌጥ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጽሕፈት ቤታቸውን ጠይቁ።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነው፤ ወንበራቸውን የሚፈልጉ እጩዎችም በእንዲህ ያለ ምሽት መታየት ይፈልጋሉ። ማኅበራችሁ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ፣ አንዱን እጩ ደግፎ ሌላውን መንቀፍ በሕግ የተከለከለ ነው። እጩዎች እንደ ማንኛውም እንግዳ ይቀመጡ፤ ማይክሮፎን ግን ለማንም አይሰጥ።

አንድ አባት፦

ልጆቼ፣ እኔ የፓርቲያቸው ደጋፊ አይደለሁም፤ በ2002 ከኢራቅ ጦርነት በፊት ወደ ባግዳድ መሄዳቸውንም አልወደድኩትም። ጽሑፉ በጤናው ላይ ከተወሰነ ግን ከእናንተ ጋር ቆሜ ሳጨበጭብ ኅሊናዬ አይወቅሰኝም፤ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሌሎችም እንደዚሁ። ነጋዴዎቻችን በ2000 የወጣውን አጎዋን (የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ የፈቀደውን ሕግ) ካላነሣችሁ ማለታቸው አይቀርም፤ ዶክተሩ በእሱም ብዙ ደክመዋልና በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁ ወደ ጤናው ተመለሱ።

ጠያቂ፦

አባታችን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፔፕፋሩን ዓረፍተ ነገር ሰርዣለሁ፤ ምስክርነቱም በታሸገ ደብዳቤ እንዲተካ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። አዲሱ መግቢያ እንዲህ ይነበባል፦ «ክቡር ዶክተር ማክደርሞት፣ በ1987 በኦሎምፒያ የታገሉለት ሕግ ከመካከላችን ኢንሹራንስ መግዛት ለማይችሉ ሠራተኞች የሐኪም ደጃፍ ከፍቷል። በ1990 በኮንግረስ የደከሙበት ሕግ ስማቸውን የማንጠራቸውን ወገኖቻችንን ከጎዳና ታድጓል። ሁሉም ሰው እንዲታከም ያቀረቡት ረቂቅ ገና ሕግ አልሆነም፤ እኛም እንደ እርስዎ መጠየቃችንን አናቆምም።» የሕግ ስሞችን በእንግሊዝኛ በትክክል የሚያስተካክልልኝ ሰው ካለ እስከ መጪው የኮሚቴ ስብሰባ ድረስ ቢጽፍልኝ በእጅጉ ይረዳኛል።