የ1995 ፔኒ (የአሜሪካ አንድ ሴንት ሳንቲም) ላይ ፊደሉ ድርብ ሆኖ ይታየኛል፣ እውነተኛ ደብልድ ዳይ (ማተሚያው ላይ ምስሉ ሁለቴ የተቀረጸበት) ነው ወይስ?

ሰላም ናችሁ፣ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ካለ እስቲ እርዱኝ። አሜሪካ ካሸር ነኝ ቀኑን ሙሉ ፔኒ ስቆጥር ነው የምውለው እና ትናንት አንድ የ1995 አገኘሁ፣ ከዓመተ ምህረቱ ስር የታተመበትን ቦታ የሚያሳይ ፊደል የለውም፣ ያው የፊላደልፊያው ማተሚያ ቤት መሆኑ ነው። በ10 እጥፍ ሉፕ (ማጉያ መነጽር) ሳየው ሊበርቲ (LIBERTY) የሚለው ጽሑፍ ላይ በተለይ B እና R ፊደሎቹ ጥላ ያላቸው ይመስላሉ።

እኔ እንደገባኝ ደብልድ ዳይ ከሆነ፣ ማለትም ማተሚያው ራሱ ሲቀረጽ ምስሉ ተዛንፎ ሁለቴ ካረፈበት ፊደሉ ይወፍራል፣ ድርቡም ድብልብል ብሎ ከፍ ይላል ጫፉ ላይ ደግሞ ስንጥቅ ነገር ይኖረዋል፣ ሳንቲሙ ሲመታ ማሽኑ ተንሸራቶ ከሆነ ግን እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ሆኖ ፊደሉን ያቀጥነዋል። የኔው ጣጣ እጅ በዝቶበት ተበልቷል፣ ከፍ ያለውም ቢሆን አሁን ጠፍጣፋ ነው! መብራቱን በጎን በኩል እያዞርኩ ባየው ባየው አንዴ ወፍራም አንዴ ቀጭን ይመስለኛል፣ ዓይኔ ጠፋ። የፔኒውን የውስጥ ዚንክ የሸፈነው መዳብም ተሰንጥቆ ድርብ ሊመስል ይችላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ በሎሚ እሸው ይለኛል፣ ዋጋውን ገደል ልትከተው (አልነካውም)። እንዲህ የተበላ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የቱን ፊደል ነው የምታዩት? ኢን ጎድ (IN GOD WE TRUST) የሚለው ጽሑፍስ ካልተደረበ በቃ ልተወው?