ለወተት አቅራቢዎቻችን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የረቂቁ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ወተት ለሚያቀርቡልን የድሬዳዋ አርቢዎች፣ ለሳቢያንና ለከተማዋ ዳርቻዎቹ፣ የጋራ ሐሳብ ለመጻፍ ተስማምተን ነበር። ከአባላት የሚመጣው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ወተቱ ንጹሕ ነው ወይ? ላሞቹስ እንዴት ይያዛሉ? ለእኔ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ስለሚሰጠው፣ መጠየቃችን ልመና አይደለም። የክስ ዝርዝር እንዲሆን ግን አልፈልግም። ለመነሻ ያህል አራት ነጥብ ይዣለሁ፦ ጥላና ውኃ፣ እንገር (ላሟ እንደወለደች የምትሰጠው የመጀመሪያ ወተት) ለጥጃው፣ ከሕክምና በኋላ ያለው ወተት፣ የመኖ ንጽሕና።

የከዚራ አባል፦
«ጥላ» ብቻ ብለን ከጻፍን ሁሉም አለኝ ይላል። ቀትር ላይ አንድ በረት ገብቼ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ላሟ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል። የውኃው በርሜል ገመዷ ከሚያደርሳት አልፎ ተቀምጧል።

የእንስሳት ሐኪሟ፦
የፈረንጅ ደም ያላቸው ላሞች ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራሉ። የድሬዳዋ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ራሱ እዚያው ገደማ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይማ ቀትሩ ከ35 ያልፋል። ላም በሙቀት ስትጨነቅ መኖ ትቀንሳለች፣ ወተቷ ይጎድላል፣ ለማርገዝም ትቸገራለች። ስለዚህ «ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ከፍ ያለና ሣር የለበሰ በረት» ብላችሁ ጻፉ። ውኃ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አይታጣ፤ ጥሩ የምትታለብ ላም በሙቀት ጊዜ በቀን እስከ 100 ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። እንገሩን ጥጃው በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ ወንድ ጥጃም ቢሆን።

አርቢው አባል፦
ስለ ሦስተኛው ነጥብ ልናገር። ግቷ ያበጠች ላም ስትወጋ፣ ወተቷን እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለቀናት መድፋት አለብኝ። ይህን አልቃወምም። ነገር ግን በእነዚያ ቀናትም ትበላለች፤ የፉርሽካውና የፋጉሎው (የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ሒሳብ አይቆምም። ኪሳራውን ብቻውን የሚሸከም አርቢ ወይ ወተቱን ደብቆ ይሸጣል፣ ወይ ላሟን ሳያሳክም ይተዋታል። በሁለተኛው መንገድ እናንተ መድኃኒት አትጠጡም፤ እሷ ግን በሕመም ትታለባለች። ይህን ሳትፈቱ «አትሽጥ» ብቻ ብትሉኝ ሐሳባችሁ ከወረቀት አያልፍም።

የመጋላዋ እናት፦
ልጆቼ፣ ሁላችንም አፍልተን አይደለም እንዴ የምንጠጣው? ስለ መኖም ካነሳችሁ ገራባውን፣ የጫቱን ትራፊ፣ አትርሱ። ጫት ላይ ምን እንደተረጨ ሳይታወቅ ለላም ይሰጣል።

የእንስሳት ሐኪሟ፦
እማማ፣ ማፍላት የሳንባ ነቀርሳንና የብሩሴላን ተህዋስያን ይገድላል፤ አይተውት። የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቅሪትን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ከሻገተ ፋጉሎ ወደ ወተት የሚያልፈው አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝም በማፍላት አይወገድም። ገራባው በእርግጥ ይጻፍ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የአርቢው ወንድማችን ነገር ልቤን ነክቶታል፤ የሐሳባችን ማዕከልም እዚህ ይመስለኛል። ላሟ እንድትታከም የምንፈልግ ከሆነ ከሕክምናው ወጪ ድርሻችንን እንውሰድ። በሊትር ላይ ትንሽ ጨምረን እንክፈል፣ ጭማሪው በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጥ፣ ወተት በተደፋባቸው ቀናት የዋጋው ግማሽ ለአርቢው ይከፈል።

የከዚራ አባል፦
መድፋቱን በምን እናውቃለን?

የእንስሳት ሐኪሟ፦
ለእያንዳንዷ ላም የሕክምና ካርድ ይኑር። የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀን፣ ወተቱ ለሽያጭ የሚመለስበት ቀን ተጽፎ ሐኪም ይፈርምበት። የቀኑን ብዛት ከማሸጊያው ላይ እንወስዳለን።

አርቢው አባል፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ካርዱ በረቱ በር ላይ ይሰቀል። ከገጠር በፈረቃ ወተት የሚያመጡት እናቶች ግን ለብቻቸው ይታዩ። ከብዙ ቤት የተሰበሰበ ወተት ነው፤ የእኛን የበረት ደንብ ብንጭንባቸው ገበያቸውን እንዘጋባቸዋለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ልክ ነው፤ ከእነርሱ ጋር ሌላ ጊዜ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ሦስተኛውን ነጥብ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «አርቢው የታመመች ላሙን በወቅቱ ያሳክማል፤ በካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳይደርስ ወተቷን አይሸጥም። ማኅበሩ በእነዚያ ቀናት የተደፋውን ወተት ግማሽ ዋጋ ይከፍላል።» በሊትር ስንት እንጨምር የሚለውን እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ፤ አቅም የሚያንሳቸውን አባላት እያሰባችሁ።