ለሞተር የጎን ሻንጣ፦ ከአሜሪካ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ላሠራ?

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

ሞተሬ ሱዙኪ ዲአር 650 ነው። አምና ከአንድ ግቢ በጨረታ ስገዛው ዶሮ ሰፍሮበት ነበር። ቀልድ አይደለም፣ ከወንበሩ ሥር ሁለት እንቁላል አግኝቻለሁ። ካርቡራተሩን ካጸዳሁ፣ ጎማና ካቴናውን ከቀየርኩ ወዲህ ግን ቁልፍ ሲነካ ይነሳል። ጥቅምት መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ ከሐዋሳ ተነስቼ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጌ ሮቤና ጎባ እገባለሁ፤ ከዚያ የሰነቴን አምባ ተሻግሬ በሀረና ጫካ ደሎ መና ልወርድ ነው ሐሳቤ። ስድስት ቀን፣ ብቻዬን።

የምይዘውን ሁሉ ሳሎን ዘርግቼ በእናቴ የበርበሬ ሚዛን መዘንኩት፤ 31 ኪሎ ሆነ። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ መፍቻዎች፣ ሁለት ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ ወፍራም ጃኬት፣ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ደግሞም 5 ሊትር ቤንዚን፤ ሰልባትዮው 13 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው። ባለቤቴ ምንጣፉን አይታ «ልትሄድ ነው ወይስ ልትሰደድ?» አለችኝ።

ባለፈው ወር ለሙከራ ይርጋለም ደርሼ ልመለስ ብዬ ግማሹን ዕቃ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ በላስቲክ አሰርኩት። አፖስቶ ሳልደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከፊቴ የሚሄደው አይሱዙ ፍሬኑ የነደደ መስሎኝ ሰውየውን እያማሁት ሄድኩ። ስቆም ለካ ማዳበሪያው ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ተኝቷል። የዝናብ ልብሴ እጅጌ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተለጥፎበታል። እስከ ዛሬ ሞተሩ ሲሞቅ ይሸታል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ወንድሜ ከዴንቨር በጷጉሜ ይመጣል። ከሁለቱ ሻንጣዎቹ አንዱ የእናቴና የዘመድ አዝማድ ነው፤ በሌላው ውስጥ 10 ኪሎ ፈቅዶልኛል። የአሉሚኒየም የጎን ሳጥን ፎቶ ልኮልኝ ነበር፤ ከነመያዣ ብረቱ ከሺህ ዶላር በላይ ነው። እኔ ያለኝ ጠቅላላ 25,000 ብር ነው። በ10 ኪሎው ምን ላስመጣ? ምኑንስ እዚህ ላሠራ? ሳጥን ይሻላል ወይስ ቦርሳ?

በያጁ (አዳማ)

የአሉሚኒየሙን ሳጥን እርሳው ወንድሜ። ዋጋውን ተወው፤ አንዱ ባዶውን አምስት ስድስት ኪሎ ይመዝናል። ከነብረቱ ስታስበው ካልሲ ሳትጭን 15 ኪሎ ሞላህ ማለት ነው። ዲአሩ ራሱ ነዳጅ ሞልቶ 166 ኪሎ ገደማ ነው። ደግሞ አሉሚኒየም ቢሰነጠቅ ዶዶላ ላይ ማን ይበይድልሃል? ብረት ከሆነ መብራት ያለበት ከተማ ሁሉ ጋራዥህ ነው።

አንተ የሚያስፈልግህ ቦርሳውን ከማርሚታና ከጎማ የሚያርቅ የጎን ብረት ነው። እሱን እዚያው ሐዋሳ ይሠሩልሃል። ለአራት ሰው ሠርቻለሁና የተሳሳትኩበትን ልንገርህ።

ክብ ቱቦላሬ ይሁን፣ ዲያሜትሩ 18 ሚሊ ወይም እዚያ አካባቢ። አራት ማዕዘኑን ይዘው ከመጡ አትቀበል። ለበያጁ ስለሚቀለው ነው እንጂ ጠርዙ ቦርሳ ይበላል። ሁለቱን ጎኖች ከኋላ ከታርጋው ሥር የሚያያይዝ አንድ አግዳሚ የግድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ደንበኛዬ «አስቀያሚ ያደርገዋል» ብሎ ያለ አግዳሚ ወሰደው፤ በአንድ ውድቀት የግራው ብረት ታጥፎ ጎማ ውስጥ ገባ። ቴላዮው (የሞተሩ ዋና አጽም) ላይ ማንም እንዳይበይድብህ፣ በቡሎን ይታሰር። ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለበት ይሁን፤ የዚህ ባለ አንድ ሲሊንደር ንዝረት ተራውን ዳዶ ኮፈሌ ሳትደርስ ይፈታዋል።

ልኬት ይዘህ አትሂድ፤ ሞተሩን ይዘህ ሂድ። ሲለካም ሁለት ሰው ይቀመጥበት፤ ሞተር ሲጫን ቁጭ ይላል። በባዶው የተለካ ብረት የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጎማ ይነካል። ፍሬቻውንም እንዳይሸፍን እይ። ሞተሩ ላይ እንዳለ ነጥብ ብየዳ የሚያደርጉ ከሆነ መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀል።

በማርሚታው በኩል ላሜራ አስደርግ። ላሜራው ግን ማርሚታውን መንካት የለበትም፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ክፍተት ከሌለው ምጣድ ሠራህ ማለት ነው።

የክትባት ሞተረኛ (ወላይታ)

እኔ ለሥራ የምነዳው ያማሃ ኤጂ 200 ነው። ለእርሻ የተሠራ ስለሆነ ከፋብሪካው ከፊትም ከኋላም መጫኛ አለው፤ ስለዚህ የብረቱን ጣጣ አላውቀውም። ማሰርን ግን ጠይቀኝ።

ላስቲኩን ዛሬውኑ ጣለው። ላስቲክ የሚያስረው ቆመህ ሳለህ ነው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ይለጠጣል፣ ዕቃው ይዘላል፣ ከዚያ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል። እኔ የክትባት መያዣ በላስቲክ አስሬ ስሄድ ወንዝ መሻገሪያ ላይ አንዱ ሜንጦ ተፈናጥሮ ግንባሬን መታኝ። ሁለት ጣት ዝቅ ቢል ኖሮ ዓይኔ አልነበረም። መያዣውን ውሃው ይዞት ሲሄድ አንድ እረኛ ሮጦ ያዘልኝ። ከዚያ ወዲህ ዘለበት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ብቻ ነው የምጠቀመው። ትርፍ ጫፉን ደግሞ ቋጥረው፣ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ።

ስለ ሳጥን፦ የሥራ ባልደረባዬ በጎን ያሠራው የላሜራ ሳጥን ነበረው። ጭቃ ላይ እግሩን አውርዶ ሊደገፍ ሲል ሳጥኑ ከኋላ መጥቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ወር በክራንች ሄደ። ቦርሳ ቢሆን ኖሮ ይጨፈለቅ ነበር እንጂ አይሰብረውም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቤንዚኑ። ሐዋሳ ላይ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተህ ሰነቴ ስትወጣ ፕላስቲኩ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ከፍታው ሲጨምር የውጭው አየር ይሳሳል። ትንሽ ጎደል አድርገው፣ ስትከፍተውም ቀስ እያልክ፣ ፊትህን አርቀህ። ከማርሚታው በተቃራኒ፣ በግራ ይሁን።

የአውሮራው (ኮሎራዶ)

የወንድምህ ጎረቤት ነኝ ማለት ይቻላል፤ ምናልባት እንጀራ የምንገዛው ከአንድ ሱቅ ነው። እኔ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 አለኝ።

እዚህ ሰው ርካሽ ፈልጎ የሚያደርገውን ልንገርህ። ከወታደር ዕቃ ሻጭ የጥይት ሳጥን ገዝቶ በጎን ያስራል። ብረት ነው፣ ክዳኑ ጎማ ስላለው ውሃ አያስገባም፣ ዋጋውም ከአሉሚኒየሙ ጋር አይወዳደርም። እኔም ሁለት ዓመት ነድቼበታለሁ። አንተ ግን እንዳትሞክረው! እያንዳንዱ ኬላ ላይ «በሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» ስትባል በሶ ነው ብለህ ልታስረዳ ነው።

አሁን የምጠቀመው ለስላሳ ቦርሳ ነው። ባለፈው በጋ ሲናመን ፓስ የሚባለውን መተላለፊያ ወጣሁበት፤ 3,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ከሰነቴህ ያንሳል። ሁለቴ ወድቄ ሁለቴም ቦርሳውን አራግፌ ቀጠልኩ።

ለ10 ኪሎው፦ የጎን ብረት እንዳያመጣልህ፣ ክብደቱን ሁሉ ይበላዋል። አፉ የሚጠቀለል ውሃ የማያስገባ ከረጢት ሦስት ያምጣ፣ ባለ 20 ሊትር ሁለት፣ ትልቅ አንድ። የካምፕ ዕቃ ሱቅ ይግዛው፤ «ለሞተር» የሚል ጽሑፍ ሲጨመርበት ዋጋው እጥፍ ይሆናል። አፉን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠቅልለው። ጠፍጣፋ ማሰሪያም አራት። ሁሉም ተደምሮ አራት ኪሎ አይሞላም፤ በተረፈው ለእናትህ ሌላ ነገር ይጫን። የውጩን ቦርሳ እዚያው አሰፋ። ውሃ መከላከል የውስጡ ከረጢት ሥራ ነው፤ የውጩ ድንጋይና እሾህ ከቻለ በቂ ነው።

ጋሽ ዘለቀ (ደብረ ብርሃን)

እኔ ሞተር አልነዳም፣ ልጄ ነው ያሳየኝ። አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ አሥራ ሁለት በቅሎ ይነዱ ነበር። ጠዋት ጭነት ሲያነሱ ሁለቱን ወገን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከበድ ያለው ወገን ከታወቃቸው ያስፈቱታል። በዓይን ካየኸው መጠኑ ያታልልሃል ይሉ ነበር። ያላመጣጠነ ሰው ማታ የተገጠበ አጋሰስ ይጠብቀዋል።

የሚከብደውንም ወደ ትከሻው አስጠጉ፣ ወደ ጭራው አታድርጉ ይሉ ነበር። በዚህ ብረትም ያው ይመስለኛል።

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በሞተርም ያው ነው። ማዳበሪያውን ከኋላ ጫፍ ላይ ስጭን የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው ይዋልልብኝ ነበር፤ እኔ ጎማውን ነበር የምጠረጥረው። መፍቻዎቹንና ከመነዳሪውን ወደ ፊት አምጥቼ ከጉልበቴ ጀርባ አደርጋቸዋለሁ። ከኋላ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ብቻ።

የክትባት ሞተረኛዋ እህቴ፣ ላስቲኩን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁት፤ ወንጭፍ ሠርተውበት አሁን የኔን መስኮት ያነጣጥራሉ።

ትናንት አቶቴ አካባቢ ወዳለ ብየዳ ቤት ሞተሩን ይዤ ሄድኩ። እንደተባለው አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ይዞ መጣ። ክቡን አልኩት። «ክቡን ለማጠፍ ጊዜ ይፈጃል» አለ፤ 7,500 ብር ከነቀለሙ ተስማማን። እኔና ረዳቱ ላዩ ላይ ተቀምጠን ሲለካ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀብን። ለውጩ ቦርሳ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ሰው ዘንድ ሄጄ የከባድ መኪና ሸራ ቁራጭ አሳየኝ፤ በድርብ ስፌት፣ ሥሩ ላይ የጎማ ቁራጭ ጨምሮ፣ ሁለቱን በ6,000 ብር ሊሰፋ ቃል ገባ። ዘለበቱን ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ ሊነቅል ሲል ግን ወንድሜ እስኪመጣ ይቆይ ብዬዋለሁ።

በያጁ ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በቀኝ በኩል ማርሚታው ስላለ ብረቱ ከግራው በአራት ጣት ወደ ውጭ ወጥቷል። ሰውዬው «ግራውንም ላውጣውና እኩል ይሁን፣ ያምራል» ይላል። ላስወጣው?

በያጁ (አዳማ)

አታስወጣው! ግራው በተቻለ መጠን ይጠጋ። የሚመጣጠነው ክብደቱ ነው፤ ቀኙ ወደ ውጭ ስለወጣ በዚያ በኩል ቀለል ያለውን፣ ልብሱን አድርግ፤ ቤንዚኑና መፍቻው በግራ። ብቻ የቀኙም ቢሆን ከመሪው ስፋት እንዳያልፍ። መሪህ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ሻንጣህም ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው የአህያ ጋሪ ይወስድልሃል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ባዶውን ይርጋለም ደርሰህ ተመለስና ብየዳው ሥር ስንጥቅ ካለ እየው፤ ከተቀባ በኋላ አይታይም።

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)

እሺ። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ። የዝናብ ልብሱን ለብሼ፣ በአንድ እጅጌ።