ግላይሲን ነርቭን ያረጋጋል ወይስ ያነቃቃል? እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነኝ፤ የባዮኬሚስትሪ ፈተና ደርሶብኝ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሬያለሁ።

ግላይሲን ከአሚኖ አሲዶች (ከፕሮቲን መገንቢያዎች) ሁሉ ትንሹ ነው። ኮላጅን (የቆዳና የአጥንት ፕሮቲን) ውስጥ በየ3ኛው ቦታ የሚገባውም ለዚሁ ነው፤ ጠባቧ ቦታ ሌላ አታስገባም። ይሄ ገብቶኛል። ሄምን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን) እና ግሉታታዮንን (ሴልን ከጉዳት የሚከላከለውን) ለመሥራት እንደሚያስፈልግም ሸምድጃለሁ።

ያስቸገረኝ ነርቭ ላይ ነው። ህብለ ሰረሰር ውስጥ የክሎራይድ በር ከፍቶ ነርቩን ዝም ያሰኛል። አንጎል ውስጥ ግን ከግሉታሜት (ነርቭን ከሚያነቃቃ መልእክተኛ ኬሚካል) ጋር ሆኖ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ተቀባይ (መልእክት የሚቀበል የነርቭ በር) ይከፍታል፤ ማነቃቃት ነው እንግዲህ። ያው አንድ ሞለኪውል እንዴት ሁለቱንም? እኔ ልዩነቱ ተቀባዩ ላይ ነው ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ግን ከቡናው ቀና እንኳን ሳይል «መጠኑ ነው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ፈተናው ነገ ጠዋት ነው፤ በቀላል ምሳሌ የሚያስረዳኝ ካለ እባካችሁ ዛሬ ማታ ድረሱልኝ።